ባሕር ውስጥ የገባችው ከተማ

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ "አራት ነጥብ" ነው የሚሉት። ለምን ሲባሉ ሁለት ምክንያት ይሰጣሉ። አንዱ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው የረሳውን አራት ነጥብ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲተክል መኖሩ ነው። ሌላው፣ እሱ ከተናገረ በኋላ ክርክር አለመኖሩ ነው። ሁለቱንም ሰምቷል፤ አንዱንም አላስተባበለም።

ሥራው አራሚ ነው። ከማሽኖቹ አዳራሽ በላይ፣ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ብቻ በሚያይ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀይ እስክሪብቶ፣ አንድ ማስመሪያ፣ መነጽሩን የሚወለውልበት የአሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ አለ። ታች ማሽኖቹ ሲነሱ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ የሻይ ብርጭቆው በገዛ ፈቃዱ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ መሄድ ይጀምራል። እሱም ዓይኑን ከጽሑፉ ሳይነቅል፣ ልክ ሊወድቅ ሲል፣ በግራ እጁ ይመልሰዋል። አንድም ብርጭቆ ሰብሮ አያውቅም።

ጡረታው ከደረሰ ሦስት ዓመት አልፎታል። አስተዳደሩ ውጣ አላለውም፤ እሱም ልውጣ አላለም። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል፤ አንዲት ልጁ ባሕር ማዶ ናት። ዳቦ ሁለት የመግዛት ልማዱን አልተወም፤ አንዱ ይበላል፣ አንዱ ይደርቃል። በቤቱ የሚመልስለት ሰው ስለሌለ የራዲዮ ዜና አንባቢውን ያርማል። "ተገለጸ አይደለም፣ ገለጹ በል" ይለዋል፤ አንባቢው ግን ወደ ስፖርት ያልፋል።

የማተሚያ ቤቱ ትልቁ የዓመት ሥራ አጀንዳ ነው፤ ሰው ቀጠሮውን የሚጽፍበት፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር። ከጀርባው ሰባት ስምንት ገጽ የሚሆን ማንም የማያነበው መረጃ አለ፤ የክብደት መለኪያ፣ የስልክ መነሻ ቁጥሮች፣ በመጨረሻም የሠላሳ ከተሞች የአየር ርቀት ሠንጠረዥ። ሠንጠረዡ እንደ ደረጃ ነው የተሠራው። አንዱን ከተማ ከላይ፣ ሌላውን ከጎን ትይዛለህ፤ ጣቶችህ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ያለው ቁጥር የሁለቱ ርቀት ነው። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። ያ ሳጥን ከተሳሳተ ሌላ የሚመሰክርበት የለም።

አራት ነጥብ ለእንዲህ ዓይነቱ ገጽ ራሱ ያወጣው ሕግ ነበረው፦ አምና ያለፈ ዘንድሮም ያልፋል። አዲሱን ረቂቅ ከአምናው አጀንዳ ጋር ቁጥር በቁጥር ያስተያያል፤ ከተመሳሰለ ይፈርማል። አራት መቶ ሠላሳ አምስት ሳጥን በየዓመቱ ከምንጩ ይታይ ቢባል አጀንዳው የሚወጣው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሕጉ ልክ ነበር። ማንም የተሻለ አላመጣም።

ከዚያ ሁሉ ሳጥን እሱ በልቡ የሚያውቀው አንዱን ነው። የእነሱ ከተማና የልጁ ከተማ የሚገናኙበትን። አራት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት።

ልጅቱ የሄደች ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የላቦራቶሪ ትምህርት የሚሰጥ ኮሌጅ "ተቀብለንሻል" ብሎ ደብዳቤ ላከላት። ደብዳቤው የራት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳምንት ከረመ። ሳህን ሲመጣ ወደ ጎን ይገፋል፤ ሳህን ሲነሳ ወደ ቦታው ይመለሳል። አባት ሐሳብ የለውም፤ እናት ግን አላት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቤት ውስጥም ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" አለችው።

"በምን? በመኪና ነው በአውሮፕላን?"

"አንተ ሰውዬ፣ ባሕር ላይ መኪና ይነዳል እንዴ? በአውሮፕላን ነዋ!"

"ይታያል።"

"ከአምስት ሺህ ካለፈ አትሄድም። ጨርሻለሁ።"

"ለምን አምስት ሺህ ሆነ?"

"እኔ ሰፊ ነኝ። የሆነ ቦታ ላይ መቀስ ካላሳረፍክ ጨርቅ ማለቂያ የለውም።"

ተነስቶ ከቦርሳው አጀንዳውን አመጣ። አንዱን ጣቱን ከላይ፣ አንዱን ከጎን አደረገ። ደስ የሚለው ነገር ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ሥራው አንድ ጉዳይ ሲቆርጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"አራት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"በእጄ ያረምኩት ነው።"

እናት ወደ ልጅቱ ዞረች። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ልጅቱ ሳህኗን አየች። "አባዬ ካለ…" አለች።

"እንግዲህ መቶ ሰማንያ ስምንት ተረፈን" አለች እናት፤ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው። "ለቅምቅማት ይበቃል።" ከዚያ ወደ ጓዳ ገባችና ቆይታ ወጣች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርት ግን አልተላጠም።

ልጅቱ በሁለት አውሮፕላን ሄደች። ጉዞው ከአንድ ቀን በላይ እንደፈጀ ስትጽፍ አራት ነጥብ ለሚስቱ አስረዳት፤ አውሮፕላንም እንደ ከተማ አውቶቡስ መንገደኛ ፍለጋ ይዞራል እንጂ መንገዱስ ይኸው፣ ቅርብ ነው። ሚስቱ አመነችው። እሱም ራሱን አመነ።

በአምስተኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚስቱ ጨርቅ እየቆረጠች ሳለ ወንበሯ ላይ አዘነበለች። ሐኪም ቤት ሲደርሱ አልፋለች። ቀትር ላይ ለልጁ ደወለ። እዚያ ገና ጎህ አልቀደደም።

"እናትሽ የለችም" አላት።

የመብራት ማብሪያ ቀጭ ሲል ሰማ።

"ቀብሩ ነገ ከሰዓት በኋላ ነው። ትደርሻለሽ።"

"አባዬ፣ ነገ እኮ…"

"የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ዛሬ ማታ ብትነሺ እንኳ ትደርሻለሽ።"

"እሞክራለሁ" አለች።

ሒሳቡን ፖስታ ጀርባ ላይ ሠርቶት ነበር፤ አራት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት፣ አውሮፕላን በሰዓት ለሚሄደው ለስምንት መቶ ሃምሳ ሲካፈል አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ለጉምሩኩም፣ ለመንገዱም፣ ለምኑም ተጨምሮ ጊዜ ይተርፋል። ለሰው ሁሉ "ትደርሳለች" አለ። በማግስቱ መቃብሩ አፍ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰውን አቆመ። ፀሐይ ነበር። አሮጊቶቹ አንድ በአንድ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። የሚስቱ ወንድም መጥቶ ክንዱን ያዘው።

"ወንድሜ፣ ይብቃ። ሬሳ አይቆይም።"

"ትመጣለች።"

"ትምጣ። እኛ እንቅበርና ትምጣ።"

ቀበሩ።

ልጅቱ የደረሰችው ሐሙስ ጠዋት ነው። ክፍሉ በሰው ሞልቶ ነበር። ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷ አብጧል፣ የአንድ እግሯ የጫማ ማሰሪያ ተፈትቷል። አራት ነጥብ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

"አራት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር" አለ፣ ሁሉም እየሰማ። "እንኳን ልጅ፣ ባዳም በደረሰ።"

አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ያንን መዝጋቷን እሱ እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። ስህተት የተጠቆመበት ጸሐፊ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ልክ ከሆነ ይጮሃል፣ ካልሆነ ዝም ይላል። ልጅቱ ስድስት ቀን ቆየች። የእናቷን ልብሶች አጣጥፋ ለዘመድ አከፋፈለች፣ ያላለቁትን የደንበኛ ቀሚሶች ለባለቤቶቻቸው መለሰች፣ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ በዓመት ሁለቴ ይደዋወላሉ። "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ። አንቺስ?" "ደህና ነኝ። ብርድ ነው?" "ደህና ነው።" በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ረጅሙ ጥሪ አራት ደቂቃ የፈጀው ነው፤ ስለሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነበር። ጨርቅ ጠቅልልበት አለችው። ጠቀለለበት። አሁንም ጨርቁ እንዳለ ነው።

ዘንድሮ ማተሚያ ቤቱ አጀንዳው አርጅቷል ተብሎ አዲስ ዲዛይነር ቀጠረ። ፈጣን ልጅ ናት፤ ጆሮ ማዳመጫዋ ከአንገቷ አይለይም፤ በሥራ ቦታው አራት ነጥብን የማትፈራ እሷ ብቻ ናት። የርቀቱን ሠንጠረዥ ሥዕል ላድርገው አለች። የእነሱን ከተማ መሐል አስቀምጣ፣ ሌሎቹን በየአቅጣጫቸውና በየርቀታቸው ካርታ ላይ ልትበትን ነው። አቅጣጫውን ከካርታው፣ ርቀቱን ከሠንጠረዡ ወስዳ ለኮምፒዩተሩ ሰጠችው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ከኮሪደሩ ማዶ ጮኸች።

"ጋሼ! አንዴ ይምጡልኝ። አንዷ ከተማ ባሕር ውስጥ ገብታብኛለች።"

"ማን ገፋት?"

"እንጃ፣ እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።"

ሄደ። ስክሪኑ ላይ ከተሞቹ እንደ ጤፍ ተበትነዋል፤ ሁሉም የብስ ላይ። አንዷ ግን ብቻዋን ሰማያዊው መሐል ላይ ቁጭ ብላለች። ከየትኛውም ዳርቻ የራቀች ነጥብ። ስሟን አነበበ።

"ቦታዋን ስተሽ ነው" አለ።

"አቅጣጫዋ ልክ ነው፤ ያጠረው ርቀቷ ነው። ጎረቤቷን ይዩ። ይቺ ስምንት ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ትላለች። በሁለቱ መካከል በባቡር ሦስት ሰዓት ነው። እንዴት ተደርጎ አንዷ ስምንት ሺህ፣ አንዷ አራት ሺህ ትሆናለች?"

"የታተመ ነው እኮ።"

"ስልኬ ስምንት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው የሚለው።"

"ስልክሽን ማን አረመው?"

ልጅቱ ሳቀች። "ጋሼ ደግሞ! ባሕሩንስ ማን አረመው?"

አልሳቀም። መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ። ነጥቧ እዚያው ነበረች። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አይቷቸዋል። እንደ አኃዝ እንጂ እንደ መንገድ አንብቧቸው አያውቅም።

ምድር ቤት ወረደ። የድሮዎቹ አጀንዳዎች ከወረቀት ጥቅሎቹ ጀርባ በዓመት በዓመት ተደርድረዋል። ከቀለጠ እርሳስ በተሠራ ፊደል የታተመውን የመጨረሻውን አወጣ። ስምንት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ቀጣዩን፣ በኮምፒዩተር የተለቀመውን የመጀመሪያውን አወጣ። አራት ሺህ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት። የዚያ ዓመት ረቂቅ በሲባጎ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ፈታው። ሠንጠረዡ ላይ፣ ከዚያች ሳጥን አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ፣ ያለ ቦታው የገባች አንዲት ነጠላ ሰረዝ በቀይ ተከባለች። ከገጹ ሥር "አይቼዋለሁ" ይላል፤ ፊርማው የእሱ ነው። ሰረዟን አይቷል። ሁለቱ አኃዞች ቦታ መቀያየራቸውን አላየም።

የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ መዳፉ ላይ አካፈለ። በቀጥታ የሚበር ቢገኝ እንኳ አሥር ሰዓት። ቀጥታ የሚበር ደግሞ የለም፤ ያንን ነግራዋለች። ሚስቱን በመቶ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሜትር ትርፍ ያሳመናት እሱ ነው። ሰውን ፀሐይ ላይ ያቆመው እሱ ነው። "እንኳን ልጅ፣ ባዳም በደረሰ።" በማተሚያ ቤት ማንኛውም ቃል ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ ይታያል፤ ከአፍ የሚወጣው ግን አንድ ጊዜ ወጥቶ ይቀራል።

ሲመለስ ዲዛይነሯ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትጠብቀው ነበር።

"ልቀይራት?"

"ቀይሪያት።"

ነጥቧ ባሕሩን ተሻግራ የብስ ላይ ወጣች። አንድ ሴኮንድ አልፈጀባትም።

ሦስት ቀን አልደወለም። ሥራ በዛ ለራሱ አለ። ከዚያ የስልክ ነገር አይመቸኝም አለ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ንጹሕ ወረቀት ሳበና የሚያውቀውን ጻፈ። መጽሐፍ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስህተት ሲገኝ ትንሽ ወረቀት ታትማ ውስጡ ትከተታለች፤ በሕይወቱ መቶ ያህል እንዲህ ያለ ጽፏል፤ ቋንቋው በደሙ ውስጥ ነው። እንዲህ አለ፦ "እርማት። በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን፣ 'እንኳን ልጅ፣ ባዳም በደረሰ' የተባለው በስህተት ስለሆነ፣" ብሎ ቆመ። ቀጥሎ "ተብሎ ይነበብ" ይመጣል። ከእሱ በፊት መግባት ያለበትን ግን አጣ። እስከ ምሳ ድረስ አሰበ። ወረቀቱን ቀዶ ስልኩን ይዞ ወደ ወረቀት መጋዘኑ ወረደ፤ እዚያ የማሽኑ ድምፅ አይበረታም። እዚያኛው አገር ገና ማለዳ ነበር።

"አባዬ? ምን ሆንክ?" የሚደዋወሉበት ጊዜ አልነበረምና ደነገጠች።

"ምንም አልሆንኩም።"

"ታመምክ?"

"አልታመምኩም። ሥራ ላይ ነሽ?"

"ልወጣ ነው። ምንድን ነው? ንገረኝ።"

"የአጀንዳው ቁጥር ስህተት ነው። ስምንት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ሁለቱ አኃዞች ተቀያይረው ነው። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ።"

ከወዲያ በኩል ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማው።

"አውቃለሁ" አለች።

"በስልክሽ አይተሽ ነው?"

"ከያኔ ጀምሮ ነው የማውቀው፣ አባዬ። ደብዳቤው የመጣ ሳምንት። ትምህርት ቤት ሉል ነበር፤ በክር ለካሁት። ስምንት ሺህ ምናምን መጣ። መጀመሪያ ክሩ የላላ መሰለኝ። ደግሜ ለካሁት።"

"እና ያን ማታ…"

"እማዬ 'ምን ትያለሽ' ስትለኝ ሳህኔን አየሁ። መሄድ ፈልጌ ነበር። በቃ።"

ቀድሞ የመጣበት ቁጣ ነው። ጥፋቱን ሁሉ ተሸክሞ ነበር የወረደው፤ አሁን ግማሹን ከእጁ ነጠቀችው፤ ያ ደግሞ ሸክሙን አላቀለለለትም። እናቷን አታላለች። በእሱ አጀንዳ፣ በእሱ ፊርማ አታላለች።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሏል። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሰድብሽ፣ ለምን አፍሽን አልከፈትሽም?"

"ከፍቼ ነበር። ምን ልል ነው? 'እማዬ እውነቱን ብታውቅ ኖሮ አትለቀኝም ነበር፤ ሳታውቅ ሞተች' ልበል? አንተ የሰደብከኝ በመዘግየቴ ነው። እኔ የዋጥኩት በሌላው ነው። ይገባኛል ብዬ ዋጥኩት።"

"ዘጠኝ ዓመት?"

"አንተስ?"

ከላይ ማሽን ተነሳ፤ የጥቅሎቹ ጠርዝ መርገፍገፍ ጀመረ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው" አለ።

"ጅቡም ውሻውም እኛው ነን እኮ፣ አባዬ።" ሳቅ የመሰለ ነገር አወጣች፤ ሳቅ ግን አልሆነም።

"ያን ቀን ያልኩሽ ልክ አልነበረም።"

"ልክ አልነበረም" አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ምንም አይደለም አላለችም። እሱም ያንን ከእሷ አልጠበቀም፤ ወይም ጠብቆ ከሆነ አልጠየቃትም።

"መንገዱ እንዴት ነበር?" አለ።

"የቱ?"

"ለእናትሽ የመጣሽው።"

ወንበር ሲሳብ ሰማ፤ ተቀመጠች ማለት ነው።

"ረፍዶብኛል እኮ" አለች። ቢሆንም ጀመረች።

ያን ቀን ትኬት ለማግኘት ሦስት ቢሮ ዞራለች። የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘጠኝ ሰዓት በረረ። የተቀመጠችው በሁለት ወንዶች መካከል ነው፤ ዘጠኙን ሰዓት በሙሉ ከእሷ ጭንቅላት በላይ ስለ ኳስ ሲከራከሩ ኖሩ። አንደኛው ማልቀሷን ሲያይ የራሱን ብርድ ልብስ ጨመረላት፣ ክርክሩን ግን አላቋረጠም። ከዚያ አውሮፕላን የምትቀይርበት ከተማ ደረሰች። እዚያ አሥራ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነበረባት።

"የት ተቀመጥሽ?"

"እርስ በርሱ የተያያዘ የብረት ወንበር አለ። መተኛት አይቻልም፤ መሐል መሐሉ ላይ እጀታ አለው። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ እግሬን ሳታስነሳኝ ዙሪያዬን ወለወለች።"

"ከዚያስ?"

"ሰዓት አየሁ። የኛን አገር ሰዓት አሰላሁ። የቀብሩ ሰዓት ሲደርስ ተነስቼ ቆምኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ መቀመጥ ነውር መሰለኝ።" ትንፋሿን ሳበች። "እኔ ስቆም ሰው በረራ የተጠራ መሰለው። ከኋላዬ ተሰለፉ።"

"ስንት ይሆናሉ?"

"ሰባት፣ ስምንት። አንዱ ሕፃን ይዟል። ዞሬ 'አልተጠራም' ማለት አቃተኝ። ዝም ብዬ ቆምኩ፤ እነሱም ዝም ብለው ቆሙ። ሩብ ሰዓት ይሆናል።"

"እኛም ጠበቅንሽ። ሁለት ሰዓት። ሰዓቱን አሳለፍነው።"

"አጎቴ ነግሮኛል።"

"ስለዚህ አንቺ ስትቆሚ ገና አልቀበርናትም።"

"ያኔ አላወቅኩም ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ተቀመጥኩ። እነሱም ተቀመጡ።"

ስለ ሁለተኛው አውሮፕላን ብዙ አልተናገረችም፤ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ተኝቼ ነበር አለች። ከዚያ ቁልፏን አነሳች።

"ልሂድ፤ በጣም ረፈደብኝ። ቅዳሜ እደውላለሁ።"

"ቅዳሜ" አለ።

ቅዳሜ ከቤት አልወጣም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊት ለፊቱ አደረገው። ሸሚዝ ተኮሰ። ራዲዮውን ከፈተ፤ ሲደወል አልሰማም ብሎ ዘጋው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ በር አንኳኩታ መሰላል ጠየቀችው፤ መሰላሉን ሲያወጣም ስልኩን ብብቱ ሥር ይዞ ነው። መሸ። አልደወለችም። እሑድም አልደወለችም። እሱ ሊደውል ሁለት ጊዜ አንስቶ አስቀመጠው፤ ተራው የእሷ ነው። ምናልባት ከነገረችው በኋላ ጸጽቷት ይሆናል። ሰው የዘጠኝ ዓመት ነገር አውጥቶ ከሰጠ በኋላ የተቀበለውን ሰው ዓይን ማየት ይከብደዋል።

ሰኞ ዲዛይነሯ የመጨረሻውን ረቂቅ አመጣች። እሱም ሠላሳዎቹን ከተሞች በሙሉ፣ አራት መቶ ሠላሳ አምስቱን ሳጥኖች፣ ከእርሳሱ ዘመን አጀንዳ ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። ቀኑን ሙሉ ፈጀበት። ሌላ ስህተት አልነበረም። ያቺው አንዷ ብቻ ነበረች።

ማክሰኞ ደወለች። እሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ፈረቃ ቀይረውብኝ ነው" አለች።

"ምንም አይደለም።"

"ጠበቅክ?"

"ሥራ ነበረኝ።"

ሁለቱም ይህ ውሸት እስኪያልፍ ጠበቁ።

"እኔ ብመጣስ?" አለ። ይህን ለመናገር አላሰበም ነበር።

"እዚህ?"

"እዚያ።"

"አባዬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ወንበር ላይ ነው። ወገብህ አይችልም።"

"እቆማለሁ።"

"ያለኝ ደግሞ አንድ ክፍል ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም" አለች፤ ክፉ ሆና ግን አልነበረም። "የምኖርበትን አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

"አሁን ልጠይቅሽ?"

"አሁን አይደለም። ታካሚ እየጠበቀኝ ነው።" ትንሽ ቆየች። "እናያለን።"

"እናያለን" አለ እሱም።

ስልኩ ተዘጋ። ከፊቱ የአንድ ትምህርት ቤት መተዳደሪያ ደንብ ነበር፤ ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ደርሶ ነበር። የያዘው መስመር ስለጠፋበት ከአንቀጹ መጀመሪያ እንደገና ማንበብ ጀመረ።